የትንፋሽ አዎ

ያን ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን ውስጥ ማሳል ተከልክሎ ነበር። የበርበሬ ነጋዴ ቤት ውስጥ ማሳል መከልከል ምን ያህል ጭካኔ እንደሆነ የቡታጅራ ሰው ያውቀዋል። አባቴ ሀቢቡ ከመስቃን ገበሬዎች የሚገዛውን ዛላ በርበሬ ከመጋዘን ይልቅ በአደራ የሚሰጠው ለእናቴ ስለሆነ፣ ሳሎናችን ከሶፋው ጀርባ እስከ ጣሪያው ድረስ በጆንያ የተሞላ ነው። ይሄ አልበቃ ብሎ በግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን ወፍጮ ቤት ነው። ታናሽ እህቴ ፈቲሀ ደግሞ የእንግሊዝኛ ንግግር ፈተናዋን በስልክ የምትፈተነው እዚሁ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ኔትወርክ ደህና አድርጎ የሚገባው በሳሎኑ መስኮት በኩል ብቻ ነዋ። ስለዚህ ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ አዋጅ ወጣ። ማሳል የለም፣ ማስነጠስ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም፣ ጫማ እየጎተቱ መሄድ የለም። አባቴ ወፍጮ ቤት ሄዶ ለመነ፣ ባለቤቱም ለአባቴ ክብር ሲል የናፍጣ ሞተሩን አጠፋ። እህላቸውን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ምን ተፈጠረ ብለው ቢጠይቁ «የሀቢቡ ልጅ በስልክ ልታወራ ነው» ተባሉ። እኛስ በስልክ ስናወራ ማን ወፍጮ አጥፍቶልን ያውቃል ብለው ተሳሳቁብን።

እኔ ሳሌሃ እባላለሁ፣ ታላቅየዋ ነኝ። ከትምህርት ጋር አስረኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተን አሁን ገበያው ዳር ሻሽና ጅልባብ እሸጣለሁ። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። እህቴ የምትማርበትን ቤት ስም አልጠራም፣ ኋላ ስማችንን አጠፋሽ እንዳልባል። በሩ ላይ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይላል፤ ዩኒቨርሲቲ ይሁን ኮሌጅ ገና አልወሰኑም መሰለኝ። ዘንድሮ የእንግሊዝኛ ንግግር የሚያስተምር ሰው ቀረና በምትኩ አንደበት ፕላስ የሚባል ነገር መጣ። ተማሪው ስልኩን ይከፍታል፣ ስልኩ ውስጥ ያለች ሴት ትጠይቃለች፣ ተማሪው ይመልሳል፣ እሷ ታርማለች፣ እሷው ውጤት ትሰጣለች። መምህሩ ምን ይሠራል ብትሉ፣ ተማሪው ስልኩን መክፈቱን ይከታተላል። አንድ ቀን ፈቲሀን እና ወደዳችሁት ወይ ብላት «ተቀብለነዋል» አለችኝ። መቀበልና መውደድ ምን አገናኛቸው ስላት ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ተቀብያለሁ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አለ። «አልተቀበልኩም» የሚለውን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። አረንጓዴውን ካልነካሽ አያስገባሽም፣ ካልገባሽ ደግሞ ውጤት የለሽም። እኔም ሱቄ የገባውን ሰው ሁሉ ገዝቷል ብዬ ብቆጥር ኖሮ ይሄኔ ፎቅ ነበረኝ።

ነገሩ ግን ለእኛ ቀልድ አልነበረም። ፈቲሀ ይህን ፈተና ካላለፈች በሚቀጥለው ሳምንት ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም፤ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጣ የሚቀጥለውን ምርቃት ትጠብቃለች። እኛ ቤት ደግሞ ዲግሪ የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም። አጎታችን ሰይዶ ከነቤተሰቡ ከመርካቶ ሊመጣ ቆርጧል፣ ጉንችሬ ከተማ ያገባችው አክስታችን ቆጮውን እኔ እችላለሁ ብላለች፣ እናቴም የክትፎውን ቅቤ አንጥራ አስቀምጣለች። ጥቁሩ ካባ ከነቆቡ ጆንያዎቹ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሎ ነበር። እናቴ በዚያ ባለፈች ቁጥር ላስቲኩን ዳበስ ታደርገዋለች።

የፈተናው ሕግ ተፈታኝ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ይሁን ይላል። እናቴ ዘይባ ይሄን ሕግ አልተቀበለችም፤ ልጄን ለማላውቃት ሴት ትቼ ወዴት ነው የምሄደው ብላ ከጆንያዎቹ ጀርባ ተደብቃ ተቀመጠች፣ እንዳታስል የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ። እኔ በሩ ኋላ ቆምኩ። አባቴ ግቢው ውስጥ ከጥግ ጥግ ይንጎራደዳል፣ ያውም በካልሲ። ፈቲሀ ስልኩን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፋ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቢስሚላህ አለችና ነካችው። የስልኳ ሴትዮ ብቅ አለች፣ ጥርሷ ነጭ፣ ጸጉሯ ነፋስ ነክቶት የማያውቅ። «ጉድ ሞርኒንግ፣ ፋታያ» አለች። የእህቴን ስም ከነአካቴው ሌላ ሰው አደረገችው። ቀጥላም «አር ዩ ሬዲ?» ብላ ጠየቀች። ተዘጋጅተሻል ወይ ማለቷ ነው፣ ይሄን ይሄንማ እኔም አላጣውም። ፈቲሀም መለሰች። እኛ እንደምንመልሰው፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ አዎ አለች። ይቺን ወደ ውስጥ የምትሳብ አዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። እናቴ ስትጠራኝ፣ ደንበኛ ይሄ ጅልባብ አዲስ ነው ወይ ሲለኝ፣ ሰው ደህና አደራችሁ ሲል የምንላት ናት። አፍ አይከፈትባትም፣ ሰው ሁሉ ግን ይሰማታል።

«ሶሪ፣ አይ ዲድ ኖት ሂር ዩ» አለች ሴትዮዋ። አልሰማሁሽም። ፈቲሀ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ ከፊተኛው ጠንከር አድርጋ ሳበችው። ሴትዮዋ አሁንም አልሰማችም። በሦስተኛው እህቴ ደንግጣ ስለነበር ትንፋሿን እስከ ሆዷ ድረስ ነው የሳበችው፣ እኔ በሩ ኋላ ሆኜ ጥርት አድርጌ ሰማሁት። ማያ ገጹ ቀላ። «ምላሽ አልሰጡም። ፈተናዎ ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ መጣ፣ ከሥሩም ትልቅ ዜሮ። እናቴ ሻሹን ከአፏ አውጥታ ከጆንያው ጀርባ ብድግ አለች። «መለሰችላት እኮ። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ወላሂ ሰምቻለሁ» አለች ለስልኩ። ስልኩ ዝም። አባቴ ግቢ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ያጠራቀመውን ሳል ሁሉ ለቀቀው። ትንሽ ቆይቶ ወፍጮው ተነሳና ግድግዳው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፈቲሀ ጉልበቷን አቅፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ አላለቀሰችም። እናቴ ካባውን ቀና ብላ አየችውና ወዲያው ዓይኗን አሸሸች።

እኔና ፈቲሀ ባጃጅ ይዘን ኮሌጅ ሄድን። ቅዳሜ ቢሆንም ተማሪው ስልኩን መክፈቱን የሚከታተለው መምህር ፈቃደ ቢሮው ነበር፣ ሰኞ ወልቂጤ ላይ ዓውደ ጥናት ስላለበት። ከሰሜን በኩል የመጣ ሰው ነው፤ እዚህ ብዙ ዓመት ስለኖረ ክትፎ ፊቱ ሲቀርብ ግን ከእኛ አይለይም። ቢሮው ድሮ የቋንቋ ላቦራቶሪ የነበረ ክፍል ነው። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት ካርቶኖች ውስጥ የጆሮ ማዳመጫዎች አሉ፣ ላስቲካቸው እንኳን አልተቀደደም፣ አቧራው ላይ ተማሪዎች ስማቸውን ጽፈውበታል። ላፕቶፑ ላይ አንድ ትልቅ ክብ ሥዕል ተከፍቷል። ክቡ አረንጓዴ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተላጠ ብርቱካን አንድ ክፋይ የማትሞላ ቀይ አለች። ከላዩ «ተማሪዎች ለኦንላይን የውጭ ቋንቋ መማሪያ ያላቸው ተቀባይነት» ይላል። ጥናቱ የእሱ ነው፣ የደረጃ ዕድገትም ሊያገኝበት ነው ይባላል። ሰላምታ ሰጥተን ቁጭ ካልን በኋላ የሆነውን ነገርነው። ሰምቶ ሳይጨርስ «ኔትወርክ ነው» አለ። ኔትወርኩ ደህና ነበር አልኩት። ከዚያ የፈተናውን ቅጂ ሲከፍት ላፕቶፑ ላይ ሦስታችንም ጎንበስ አልን። ሴትዮዋ ጠየቀች። ፈቲሀ በምስሉ ውስጥ ደረቷ ከፍ አለ። ሴትዮዋ አልሰማሁሽም አለች።

«አልመለስሽም» አላት ፈቃደ።

«መልሻለሁ፣ ቲቸር።»

«የታለ ታዲያ? እዚህ ጋ ትንሽ ሽው የሚል ነገር አለ፣ ነፋስ ነው። መስኮት ከፍተሽ ነበር?»

ልመልስለት አፌን ስከፍት ስልኩ ጮኸ። ስሙን አይቶ ከወንበሩ ተነሳ። የደወለው ዲኑ፣ ዶክተር ይድነቃቸው ነው፣ ቀድሞ ወልቂጤ ገብቶ ሆቴል ይዟል። የዲኑ ድምፅ ከስልኩ አልፎ እኛ ድረስ ይመጣል። ፈቃደ አንድ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ ትንሽ አጎንብሶ ያዳምጣል። «አቤት ዶክተር» አለ መጀመሪያ ላይ። ከዚያ ዲኑ ሥዕሉ ደርሷል ወይ ሲለው፣ ፈቃደ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። «ሃሎ?» አለ ዲኑ። ፈቃደ እንደገና ሳበ፣ በአክብሮት፣ ረዘም አድርጎ። «ሃሎ፣ ፈቃደ፣ ትሰማኛለህ?» ፈቃደ አሁንም ሳበ፣ ራሱንም ነቀነቀ። ዲኑ ምን ዓይነት ኔትወርክ ነው ብሎ ተራገመና ዘጋው። ፈቃደ ስልኩን አገላብጦ እያየ «አያችሁ፣ ኔትወርክ ነው» አለን።

ፈቲሀ ሳቋ አመለጣት። ከጠዋት ጀምሮ ያልወጣላት ለቅሶ ሁሉ በሳቅ ነው የወጣው፣ እንባዋ ጉንጯን አልፎ ሻሿን አራሰው። እኔ መጀመሪያ ጭንቀቱ ነካት ብዬ ፈራሁ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ይቅርታ ቲቸር» አለች፤ ከዚያ መተንፈስ ሲያቅታት «ዜሮ አገኙ እኮ» አለችው። ፈቃደ ግራ ገብቶት አያት፣ ስልኩን አየ፣ ከዚያ ማያ ገጹ ላይ ደረቷን ነፍታ የቆመችውን ፈቲሀን አየ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ለብቻው አንዴ ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ ሞከራት፣ እንደ አዲስ ምግብ። ፊቱ ላይ ነገሩ ሲገባው ይታያል። ስንት ተማሪ ነው እንዲህ የወደቀው ብሎ ሲጠይቃት የክፍሏ ግማሽ ያህሉ ገና እዚያችው ተዘጋጅተሻል ወይ ላይ መቅረታቸውን ነገረችው። ሰውዬው ሊያዝን ነው፣ ይቅርታ ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሱ እስክሪብቶ አነሳ። «ይሄ ግኝት ነው» አለ፣ ዓይኑ እያበራ። «የባህል ተፅዕኖ። ሌላ ጥናት ይወጣዋል።»

እነዚያ የወደቁት ልጆች ታዲያ ክቡ ውስጥ የቱ ጋ ናቸው አልኩት። አረንጓዴውን ሳየው የወደቀ ሰው ያለ አይመስልም ነበርና ነው። ትዕግሥቱን ሰብስቦ አስረዳኝ፣ ለሱቅ ነጋዴ እንደሚያስረዱት። ምላሽ ያልሰጠ ተማሪ በጥናቱ አይቆጠርም። ፈተናውን ያልጨረሰ መጠይቁ አይደርሰውም፣ መጠይቁ ያልደረሰው ደግሞ አስተያየት የለውም። ፈቲሀ እንኳን የደረሳት ከወር በፊት የልምምዱን ፈተና በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ መልሳ ስላለፈች ነው። የቀሩት ግን በደንብ ተቀብለውታል አለኝ። እኔም ገበያ ላይ ሳይገዛ የሄደብኝን ደንበኛ ሁሉ ካልቆጠርኩ ዕቃዬን የማይወድ ሰው የለም ማለት ነው አልኩት። እሱ ግን አልሰማኝም፣ ወደ ፈቲሀ ዞሮ ነበር። ሁለተኛ ዕድል ልከፍትልሽ እችላለሁ፣ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ አላት። ደስ ብሎኝ ልመርቀው ነበር። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንቺ መጠይቁ ላይ በጣም አልስማማም ብለሽ ነበር አይደል?»

«ስም አይጻፍበትም ብለውን ነበር፣ ቲቸር።»

«ስምማ አይጻፍበትም። መለያ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። እኔ ላስገድድሽ አይደለም፣ ሳይንስ ነው። ግን ሁለተኛ ዕድል የሚሰጠው ሥርዓቱን ለሚቀበል ተማሪ ቢሆን ለዶክተር ለማስረዳትም ይቀለኛል።»

ወንበሬን ገፋ አድርጌ ልነሳ ስል ፈቲሀ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፣ ያውም በተረከዟ። እኔን ሳታይ ስልኳን አወጣች። መጠይቁን ከፈተች፣ ከታች ወደ ላይ እያንዳንዱን «በጣም አልስማማም» ወደ «በጣም እስማማለሁ» አዛወረች። መማሪያው በራስ መተማመኔን ጨምሮልኛል፣ በጣም እስማማለሁ። ከመምህር ይልቅ ይመቸኛል፣ በጣም እስማማለሁ። ለሌሎች ተማሪዎች እመክራለሁ፣ በጣም እስማማለሁ። ላከችው። ፈቃደ ላፕቶፑን ነካ ሲያደርገው ክቡ ላይ ያለችው ቀይ ክፋይ ጠበበችና ክር አከለች። ክቡን ትንሽ ተመለከተውና ደስ አለው። ስንወጣ በሩን ራሱ ከፈተልን፣ ፈተናውንም ባለው ሰዓት ከፈተላት፤ በቃሉ ሰው ነው፣ ይሄን አልክድም።

መንገድ ላይ እህቴን አኮረፍኳት። እሷ ግን ባጃጁ ውስጥ ሆና «ይልቅ አስተምሪኝ» አለችኝ። «ምኑን? እንግሊዝኛ የማውቅ መሰለሽ?» «እንግሊዝኛውን እኔ አውቀዋለሁ። አዎ ማለት ነው ያቃተኝ።» እውነቷን ነው። ስለዚህ ቤት እንደገባን ሱቄን እንደተዘጋ ትቼ አስተማሪ ሆንኩ። ምሳ ትበያለሽ አልኳት። ረስታው ትንፋሿን ሳበች። «አይ ዲድ ኖት ሂር ዩ» ብዬ ትሪውን አነሳሁባት። ሻይ ልቅዳልሽ ብላት ሳበች፣ ብርጭቆውን ራሴ ጠጣሁት። ሞቆሻል፣ መስኮት ልክፈት፣ ስልክሽ ቻርጅ አለው፣ የአጎት ሰይዶን ልጅ ታስታውሻለሽ፤ ያልጠየቅኳት የለም። በሳበች ቁጥር በሻሽ ጫፍ እጇን ቸብ አደርጋታለሁ። መጀመሪያ ሳቅን፣ ኋላ ሳቁ ቀረና ሥራ ሆነ። እናቴ በር ላይ ቆማ ስታየን ቆየችና «ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች። አዎ ማለት እየተለማመድን ነው አልናት። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ አዎ ስትል ነው የኖረችው አለችና ወደ ማጀቷ ተመለሰች። ከአስር በፊት ፈቲሀ ትሪውንም ሻዩንም አገኘች። አፏን ከፍታ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ከደረቷ እያወጣች የስ ትላለች፣ አዎ ትላለች፣ እንደ ወታደር። የጎረቤት ሴት በአጥር በኩል አንገቷን አውጥታ ተጣልታችሁ ነው ወይ ብላ ጠየቀችን።

አስር ሰዓት ላይ አባቴ ወፍጮ ቤት ሄዶ ዳግም ለመነ። የወፍጮው ባለቤት ይቺ የመጨረሻ ናት ብሎ አጠፋ፤ ሴቶቹ በዚህኛው አልሳቁም። እናቴ ከጆንያው ጀርባ፣ እኔ ከበሩ ኋላ፣ አባቴ በካልሲ። ሴትዮዋ መጣች። አር ዩ ሬዲ አለች። ፈቲሀ «የስ» ስትላት መስኮቱ ነዘረ። ሴትዮዋ ሰማች፣ ደስ አላት፣ ጥርሷን አሳየችና ወደ ጥያቄዋ ገባች። በክረምት በረዶ ላይ መንሸራተት ትወጃለሽ ወይ አለቻት። ፈቲሀ በረዶ ያየችው ሜዳ ላይ የተሰጣውን የአባቴን በርበሬ የመታ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን አባቴ ማንንም ሳያናግር ተኝቶ ዋለ። «የስ» አለች እህቴ፣ በጣም እወዳለሁ፣ በየዓመቱ ከቤተሰቤ ጋር እሄዳለሁ፣ እናቴ በተለይ ጎበዝ ናት። ውሸቱ ከአፏ እንደ ውሃ ወረደ። ከጆንያው ጀርባ ያለችው ጎበዝ ተንሸራታች ሳሏን ለመዋጥ ስትታገል ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ስለ ባሕር ዳርቻ ጠየቀቻት፣ ስለምትወደው ምግብ ቤት ጠየቀቻት፣ ፈቲሀ ሁሉንም የስ እያለች አስተናገደቻት። በመጨረሻ ማያ ገጹ አረንጓዴ ሆነ። «ኤክሰለንት፣ ፋታያ» አለች ሴትዮዋ። አለፈች።

እናቴ ከጆንያው ጀርባ እልልታዋን አቀለጠችው፣ ሳሉም አብሮ ወጣ። አባቴ ገብቶ የፈቲሀን ግንባር ሳመና ወጣ፤ ግቢ ውስጥ ለአጎት ሰይዶ እየደወለ «አለፈች፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለፈች» ሲል ሰማነው። እናቴ ላስቲኩን ገፍፋ ካባውን አወረደችና አልብሳት ዙሪያዋን ዞረቻት። እኔም የዚያን ሰውዬ ክብ፣ ያቺን የከሰመች ቀይ ረሳኋት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል ቤታችን ውስጥ የሚያስለው ሁሉ እንደልቡ አሳለ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነው። መብራት ሄዶ ነበርና ሻማ አብርተን ተቀምጠናል። ፈቲሀ ካባውን አውልቃ እናቴ አጠገብ መከዳ ተደግፋለች፣ ደክሟታል። እናቴ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገችና፣ ከአባቴ ስትደብቀው በኖረችው በዚያ በለሰለሰ ድምፅዋ ጠየቀቻት።

«ደስ አለሽ፣ ልጄ?»

«አዎ» አለች ፈቲሀ።

ከደረቷ ነው ያወጣችው። አገጯ ቀና ብሎ፣ አፏ ተከፍቶ። ሻማው ተወዛወዘ። እናቴ እጇን ከጉልበቷ ላይ ብድግ አደረገችው። «ምነው፣ አስቀየምኩሽ እንዴ?» አለች። ፈቲሀ ደንግጣ አይ እማ፣ አይደለም እያለች ትንፋሿን ወደ ውስጥ ልትስብ ሞከረች። አልመጣላትም። ጉሮሮዋ ላይ ተሰበረችና ሳል ሆነች። ሳቀች፣ እንደገና ሞከረች፣ አሁንም ሳል ሆነባት፣ ሳቋንም ተወችው። እናቴ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ማጀት ስትሄድ ተከትያት ገባሁ። ለረጅም ጊዜ አንድ ብርጭቆ ብቻ ስታጥብ ቆየች።

«ሳሌሃ» አለችኝ ፊቷን ሳታዞር፣ «ከእንግዲህ እህትሽ እንዲህ ነው የምታናግረኝ?»

እኔ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግሁ። ከብርጭቆው ላይ ውሃው ይንጠባጠባል፣ ወፍጮውም ይጮሃል። እናቴ ሰማችኝ።